ገላጋይ የሌለበት ገበያ

በወጣቶች መካከል በስልክ ስለሚደረግ ማሸማቀቅ የቀረበ ጥናት፤ ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

የሰው ልጅ በአንደበቱ ሲመርቅም ሲረግምም ኖሯል። ስድብ፣ ሐሜትና ሽሙጥ የዛሬ ፍጥረቶች አይደሉም። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብለው የተረቱት ክፉ ቃል ከጦር የማያንስ ቁስል እንደሚያደርስ ስለሚያውቁ ነው። ይሁን እንጂ በእኛ ዘመን ክፉ ቃል አዲስ መንገድ አግኝቷል። ቀድሞ ከአፍ ወጥቶ በጆሮ ይገባ የነበረው አሁን ከጣት ወጥቶ በዓይን ይገባል፤ ቀድሞ ተነግሮ ያልፍ የነበረው አሁን ተጽፎ ይቀመጣል፤ ቀድሞ አምስት ሰዎች ይሰሙት የነበረውን አሁን አምስት መቶ ሰዎች ያዩታል።

እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይህን ነገር ከመምህሮቻችንም ከወላጆቻችንም ይልቅ በቅርብ እናውቀዋለን። ኢንተርኔት ወደ ሀገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም.፣ የእጅ ስልክም በአዲስ አበባ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ወላጆቻችን የእጅ ስልክን ያወቁት ካደጉ በኋላ ሲሆን እኛ ግን አብረነው አድገናል። ስለዚህ ስለ ጉዳቱ አስቀድመን መናገር የሚገባን እኛው ነን ብዬ ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን አቅርቤአለሁ።

ልመረምረው ያሰብሁት ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ ፊት ለፊት ሲገናኙት ጨዋና ትሑት የሆነ ወጣት ስልክ ሲይዝ ስለ ምን ይጨክናል? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ጭካኔውን የሚያዩት ብዙዎች ሆነው ሳለ ስለ ምን ዝም ይላሉ? የሚል ነው። ለሁለቱም ጥያቄዎች የሚሆነውን መልስ ከሊቃውንት ጥናትና ከሰፈራችን ከሾላ ገበያ ኑሮ አጣምሬ ለማሳየት እሞክራለሁ።

1ኛ፤ ማሸማቀቅ ማለት ምን ማለት ነው?

ሁለት ተማሪዎች ቢጣሉና ቢሰዳደቡ ያ ጠብ ነው እንጂ ማሸማቀቅ አይባልም። በስዊድን ተወልዶ በኖርዌይ የሠራው የሥነ ልቡና ሊቅ ዳን ኦልዌየስ ይህን ነገር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በትምህርት ቤቶች ውስጥ መርምሯል። እርሱ እንደሚለው አንድ ድርጊት ማሸማቀቅ ለመባል ሦስት ነገሮች ሊገኙበት ይገባል። እነርሱም ሆነ ብሎ ለመጉዳት መደረጉ፣ እየተደጋገመ መደረጉ፣ እንዲሁም በጎጂውና በተጎጂው መካከል የኃይል አለመመጣጠን መኖሩ ናቸው።

እነዚህ ሦስት ነገሮች በስልክ ሲሆኑ መልካቸው ይለወጣል። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ክፉ ነገርን ለመደጋገም ጎጂው በየቀኑ መድከም አለበት። በስልክ ግን አንድ ሰው አንድ ጊዜ የለጠፈውን ፎቶግራፍ ሌሎች መቶ ጊዜ ይልኩታል፤ ጎጂው ቢተኛም ነገሩ አይተኛም። በግቢ ውስጥ ኃይለኛ የሚባለው ጉልበተኛው ነው። በስልክ ግን ስሙን የደበቀ ወይም ብዙ አጃቢ ያለው ደካማ ልጅ ጉልበተኛ ይሆናል። በግቢ ውስጥ የተበደለ ተማሪ ደወል ሲደወል ወደ ቤቱ ሄዶ ያርፋል። በስልክ ግን በደሉ እስከ መኝታው ድረስ ይከተለዋል።

ነገሩ በአንድ ሀገር ብቻ የሚገኝም አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መግለጫ፣ በ30 ሀገሮች ከ170,000 የሚበልጡ ወጣቶች ተጠይቀው ከሦስቱ አንዱ በኢንተርኔት እንደተሸማቀቀ፣ ከአምስቱ አንዱም በዚሁ ምክንያት ከትምህርት ቤት እንደቀረ መናገሩን አስታውቋል።

2ኛ፤ የሾላ ገበያ ጠብ

ስለ ስልክ ከመናገሬ በፊት ስለ ገበያ ልናገር። በየካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ሾላ ገበያ እኔ ተወልጄ ያደግሁበት ሰፈር ነው። ቅቤው፣ በርበሬው፣ እህሉ፣ ሽንኩርቱና ጎመኑ ሁሉ ከአንድ ስፍራ ተከማችቶ፣ ሻጩና ገዢው፣ ተሸካሚውና ወያላው እየተጋፉ በሚውሉበት ቦታ ጠብ አይጠፋም። አንዱ የሌላዋን ቲማቲም ይረግጣል፤ አንዷ የሌላዋን ደንበኛ ትጠራለች፤ ሚዛን ጎደለ፣ መደቤን ገፋኸኝ የሚል ንትርክ ይነሣል። በሾላ የሚሰማው ስድብ በመጽሔት የሚጻፍ አይደለም።

ነገር ግን ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው የገበያ ጠብ ብዙ ጊዜ ሩቅ አይሄድም። ይህም የሚሆነው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ተሳዳቢው የተሰዳቢውን ፊት ያያል። ፊቷ ሲለዋወጥ፣ ዓይኗ እንባ ሲያቀር ሲመለከት፣ ምንም ቢቆጣ ልቡ በመጠኑ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ነገ በዚያው መደብ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ዝርዝር ብር ሲጠፋም ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ ከዛሬው ቁጣ በላይ የነገውን ጉርብትና ያስባሉ። ሦስተኛውና ዋናው ግን ገላጋይ መኖሩ ነው። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ ካደረጉ ማንም ያልጠራው ሰው በመካከል ይገባል። «ኧረ ተዉ! በፈጠራችሁ ተዉ!» ይላል። አንዱን በክንዱ ይዞ ወደ ዳር ይወስደዋል። ገላጋዩ ዳኛ አይደለም፤ ማን አጠፋ ብሎ አይመረምርም፤ ሥራው ነገሩ እንዳይብስ ማቆም ብቻ ነው። ለዚህም ሹመት አያስፈልገውም።

አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ሦስት ነገሮች በልብህ ያዛቸው። እነርሱም ፊት፣ ጉርብትናና ገላጋይ ናቸው። ወደ ስልክ ስንሻገር ሦስቱም ምን እንደሚሆኑ እንመለከታለን።

3ኛ፤ «ኪሎው ስንት ነው?»

አንዲት ጎረቤታችን የሆነች ተማሪ ያገኛትን ነገር፣ ስሟንና ትምህርት ቤቷን ሳልጠቅስ፣ በፈቃዷ እጽፋለሁ። እናቷ በሾላ ጉልት ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች። ልጅቱም ከትምህርት ስትመለስ ደብተሯን ይዛ ከእናቷ ጎን ትቀመጣለች፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ታጠናለች፤ ገዢ ሲመጣ ትመዝናለች።

አንድ ቀን አብሯት የሚማር ልጅ በዚያ ሲያልፍ ሚዛን ይዛ ሳለ ሳታውቅ ፎቶግራፍ አነሣት። በማግሥቱ ፎቶግራፉ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወጣ። ሌላው ልጅ ስቲከር አደረገው። ሦስተኛው «ኪሎው ስንት ነው?» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ወዲህ እርሷ ስለ ቤት ሥራ ጥያቄ ስትጽፍ መልሱ ያ ስቲከር ሆነ፤ ስለ ፈተና ቀን ስትጠይቅም «ኪሎው ስንት ነው?» የሚል ሆነ። መልእክቶቹን ሁሉ አሳይታኛለች። አንዱ ለብቻው ቢታይ ተራ ቀልድ ይመስላል። ለሁለት ወር የተላከው ሁሉ ተሰብስቦ ሲታይ ግን ቀልድ የሚለው ቃል ይከብዳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ቀጥሎ የሆነው ነው። ልጅቱ ወደ ጉልቱ መሄድ ተወች። እናቷ «ምነው ልጄ፣ ሰለቸሁሽ እንዴ?» ብትላት፣ ጥናት በዛብኝ እያለች ታመካኝ ነበር። እውነቱን ብትናገር «የተሰደብሁት በአንቺ ሥራ ነው» ማለት ስለሚሆንባት እናቷን ላለማሳዘን ዝም አለች። ኋላም ራሴን አመመኝ እያለች ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቀረች።

በዚያ ግሩፕ ውስጥ ከ40 የሚበልጡ ተማሪዎች ነበሩ። ስቲከሩን ደጋግመው የላኩት ሦስት ናቸው። በሳቅ ምልክት የመለሱት አሥር ያህል ይሆናሉ። የቀሩት አይተው ዝም ያሉ ናቸው።

4ኛ፤ በጎጂው ልቡና ውስጥ ያሉ ምክንያቶች

ፎቶግራፉን ያነሣው ልጅ በሾላ መካከል ቆሞ፣ እናቷ እየሰማች፣ «ኪሎው ስንት ነው?» እያለ አንድ ሰዓት ሊያላግጥባት ይችል ነበርን? አይመስለኝም። በስልክ እንዲደፍር ያደረገውን ነገር ለማወቅ ሦስት ምክንያቶችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ፊት አለመታየት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጆን ሱለር እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች በኢንተርኔት ላይ በአካል የማያደርጉትን እንዲያደርጉ ከሚገፋፏቸው ነገሮች መካከል ስም መደበቅን፣ አለመታየትንና የተናገሩት ነገር ምላሽ ወዲያው አለመድረሱን ይቈጥራል። ተሳዳቢው መልእክቱን ልኮ ስልኩን ያስቀምጣል፤ የተሰዳቢው ፊት ሲለወጥ አያይም። የአለቃ ወይም የመምህር ግርማም በዚያ አይታይም። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን በተረት እናውቀዋለን፤ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። ስም ደብቆ በሐሰት ፕሮፋይል የሚሳደብ ሰው ያ ጅብ ነው። በሚያውቁት መካከል ሊሆን የማይደፍረውን በማያውቁት መካከል ይሆናል።

ሁለተኛው ዕድሜያችን ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው በእኩዮቹ ዘንድ ተቀባይነትን ነው። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት 306 ሰዎችን በኮምፒዩተር የመኪና መንዳት ጨዋታ አጫውተው ነበር። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ልጆች ጓደኞቻቸው ቆመው ሲያዩአቸው ብቻቸውን ከሚጫወቱበት ጊዜ ይልቅ እጅግ አብልጠው አደጋን ደፈሩ። በጎልማሶቹ ላይ ግን ጓደኛ መኖሩ ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። እንግዲህ በአንድ ግሩፕ ውስጥ 40 እኩዮች ሁልጊዜ ቆመው እንደሚያዩ እናስብ። እያንዳንዱ የሳቅ ምልክት ለላኪው እንደ ጭብጨባ ነው። ብዙ ጊዜ ላኪው ልጅቱን ጠልቶ አይደለም የሚልከው፤ ጭብጨባውን ወድዶ ነው። ለተጎጂዋ ግን ይህ ልዩነት ምንም አይጠቅማትም።

ሦስተኛው ለራስ የሚሰጥ ምክንያት ነው። ሰው ክፉ ሲሠራ ክፉ ነኝ ብሎ አይሠራም። ታዋቂው የሥነ ልቡና ሊቅ አልበርት ባንዱራ እንዳስረዳው፣ ሰው ኅሊናውን ዝም ለማሰኘት በደሉን በቀላል ስም ይጠራል፤ ጥፋቱን ለብዙዎች ያካፍላል፤ ወይም ተጎጂውን ራሱን ጥፋተኛ ያደርጋል። በእኛ ቋንቋ ይህ «ቀልድ ነው»፣ «ሁሉም ልኳል»፣ «እርሷ ደግሞ ስታካብድ» በሚሉት ሦስት አነጋገሮች ይገለጣል። እነዚህን ቃላት የሰማ ሰው ኅሊና ሲያንቀላፋ እንደሰማ ይቍጠረው።

እዚህ ላይ ስለ ተረብ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ተረብ የአዲስ አበባ ልጆች ጨዋታ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ተረብ ሕግ አለው። ሁለቱ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ከተናገረ ሌላው ይመልሳል፤ ሰሚው ለሁለቱም ይስቃል፤ ሲጨርሱም ተቃቅፈው ይሄዳሉ። መልስ ለመስጠት ተራ የማይሰጠው፣ አርባ ለአንድ የሚደረግና ማለቂያ የሌለው ነገር ተረብ አይደለም። የተጫወቱት ሁለቱም ከሳቁ ተረብ ነው፤ አንዱ ብቻውን ካለቀሰ ግን ሌላ ስም ይገባዋል።

5ኛ፤ በኑሮአችን ውስጥ ያሉ ምክንያቶች

ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ልጅ ልቡና ላይ ብቻ መጫን ትክክል አይሆንም። ልጁ የሚሳለቅበትን ነገር የመረጠው ከራሱ ፈጥሮ አይደለም፤ ከእኛ ከታላላቆቹና ከእኩዮቹ ተምሮ ነው።

በከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል በቦሌ ፎቅ የሚኖረውና በሾላ ጉልት የሚያድገው ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጠው የሚማሩበት ጊዜ አለ። ይህ በራሱ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ስልኩ ምን ዓይነት ነው፣ ጫማው ከየት ተገዛ፣ እናቱ ምን ትሠራለች የሚለው ጥያቄ የሰው መመዘኛ ከሆነ፣ የሽንኩርት ሚዛን መያዝ መሳለቂያ ይሆናል። እንደ እውነቱ ከሆነ የቦሌው ማዕድ ከሾላው ሽንኩርት ውጭ አይሠራም፤ ሆኖም በላቡ የሚያድረውን ሰው የሚያሳፍረው ሳቂው ሆኗል። እንደዚሁም አንዱ በአነጋገሩ፣ ሌላው በትውልድ አገሩ፣ ሌላው በሃይማኖቱ ወይም በአካሉ ጉዳት ይሸማቀቃል። ታላላቆቻችን በስልካቸው በጎሣና በሃይማኖት ሲሰዳደቡ እያየን ካደግን በኋላ እኛ ብቻ ጨዋዎች እንድንሆን ቢጠበቅብን አስቸጋሪ ነው።

በልጃገረዶች ላይ የሚደርሰው ደግሞ ይብሳል። ወንድ ሲሰደብ ተሰደበ ይባላል፤ ሴት ስትሰደብ ግን ምን አድርጋ ነው? ተብሎ ይጠየቃል። «ፎቶግራፍሽን እለቀዋለሁ» ብሎ የሚያስፈራራ ሰው ኃይሉን የሚያገኘው ከፎቶግራፉ አይደለም፤ እርሷን ለመውቀስ ተዘጋጅተን ከምንጠብቀው ከእኛ ነው።

ሌላው ምክንያት ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ማለት ሰው ምን ይለኛል ብሎ መፍራት ሲሆን፣ በሾላ ገበያ ተሳዳቢውን የሚገታው አንዱ ልጓም እርሱ ነው። በስልክ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስሙን የደበቀው ተሳዳቢ ይሉኝታ አይዘውም፤ ተሰዳቢዋን ግን አጥብቆ ያስራታል። «ቢሰሙ ምን ይሉኛል?» ብላ ለእናቷም፣ ለመምህሯም አትናገርም። ጥፋተኛውን ሊይዝ የተሠራው ልጓም ንጹሑን ሲይዝ ማየት እጅግ የሚያስገርም ነው።

የወላጆችና የመምህራን ርቀትም ይጨመርበታል። ብዙ ወላጆች ልጃቸው ስለ ስልክ ችግር ሲነግራቸው የመጀመሪያ መልሳቸው «ስልኩን አምጪ!» ነው። ልጅቱም በደልዋን በመናገሯ ስልኳን የምትቀማ ከሆነ ዳግመኛ አትናገርም። በትምህርት ቤት በኩልም ስልክ ወደ ግቢ እንዳይገባ ሲከለከል፣ በስልክ የሆነው ነገር ከግቢ ውጭ የሆነ ነው ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን ማታ በስልክ የተሰደበችው ልጅ ጧት የምትቀመጠው ከተሳዳቢዎቿ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ነው።

6ኛ፤ በተጎጂው ላይ የሚደርሰው

«ቃል አጥንት አይሰብር» የሚል ሰው ቢኖር የሚከተለውን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ2003 በካሊፎርኒያ የተደረገ አንድ ምርመራ ነበር። ሰዎችን በኮምፒዩተር የኳስ መቀባበል ጨዋታ እያጫወቱ አእምሮአቸውን በመሣሪያ ተመለከቱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌሎቹ ተጫዋቾች ኳሱን ለዚያ ሰው ማቀበል እንዲያቆሙ ተደረገ። በዚያን ጊዜ የሰውዬው አእምሮ የሠራበት አንዱ ክፍል፣ አካል ሲታመም ከሚሠሩት ክፍሎች አንዱ ሆኖ ተገኘ። ከማያውቁት ሰው የኳስ ቅብብል መገለል ይህን ያህል ከተሰማ፣ በየቀኑ አብረውት በሚማሩ 40 ጓደኞች ፊት መዋረድ ምን ያህል እንደሚያም መገመት አያስቸግርም።

የተሸማቀቀ ተማሪ እንቅልፍ ያጣል፤ ትምህርቱ አይገባውም፤ ከሰው ይርቃል። አንዳንዱም የደረሰበትን በሌላ ደካማ ላይ ይወጣዋል፤ ስለዚህ ዛሬ ጎጂ የምንለው ትናንት ተጎጂ የነበረ ሊሆን ይችላል። ከዚህም የከፋ አሳብ ወደ ልቡ የሚመጣበት አለ። እንደዚህ ያለውን ጓደኛ ያየ ሰው ብቻውን ሊተወው አይገባም፤ ወዲያው ለቤተሰቡ ወይም ለሚያምነው ታላቅ ሰው መናገር አለበት። ሕይወትን ለማዳን የተገለጠ ምስጢር ክህደት አይባልም።

7ኛ፤ ዝም ያሉት ስለ ምን ዝም አሉ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ደርሰናል። በሾላ ገበያ ሳይጠራ የሚመጣው ገላጋይ በቴሌግራም ግሩፕ ስለ ምን ይጠፋል? ሰዎቹ ያው ሰዎች ናቸው። ማታ በግሩፑ ዝም ያለው ልጅ ጧት በታክሲ ሰልፍ ላይ ጠብ ቢያይ «ተዉ እንጂ!» ሊል ይችላል።

ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሊቃውንት በኒው ዮርክ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ምርመራ ለዚህ ብርሃን ይሰጣል። ተማሪዎችን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ በክፍል አስቀምጠው በድምፅ ማጉያና በጆሮ ማዳመጫ እንዲነጋገሩ አደረጉ። በንግግሩ መካከል አንዱ ተናጋሪ በድንገት በሽታ እንደጣለው ሰው እየተንተባተበ ለርዳታ ሲጮኽ ይሰማል፤ ድምፁ አስቀድሞ የተቀዳ ነበር። ከታማሚው በቀር የሚሰማ እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካሰቡት ውስጥ 85 ከመቶው ጩኸቱ ሳያበቃ ለርዳታ ወጡ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ካሰቡት ግን የወጡት 31 ከመቶ ብቻ ናቸው። ያልወጡትም ደንታ ቢሶች አልነበሩም፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ያልባቸውም ነበር። እያንዳንዱ «ሌላው ሳይነሣ አይቀርም» ብሎ ይጠብቅ ነበር።

ይህ ምርመራ የተደረገው የእጅ ስልክ ሳይኖር ነው፤ ነገር ግን የእኛን ግሩፕ በትክክል ይመስላል። እያንዳንዳችን ለየብቻ በየቤታችን ተቀምጠን፣ ሌሎች እንደሚያዩ እያወቅን፣ ነገር ግን የሌሎችን ፊት ሳናይ እንጠብቃለን። በገበያ ውስጥ ሰው ፊቱን ካጠቆረ ቅሬታው ይታያል። በስልክ ግን የተቃወመና የተስማማ ዝምታቸው አንድ ዓይነት ነው። አርባ ሰው ዝም ሲል ለተጎጂዋ አርባ ሰው የፈረደባት ይመስላታል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለራስ ጉዳይ መልካም ምክር ይሆናል፤ በሌላው ሰው ሕመም ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል።

በእርግጥ ፍርሃቱም እውነተኛ ነው። «ተው ካልሁ ነገ ስቲከር የምሆነው እኔ ነኝ» የሚል ተማሪ ሐሰት አልተናገረም። ይሁን እንጂ በካናዳ የትምህርት ቤት ሜዳዎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ተስፋ ይሰጣል። እኩዮች ጣልቃ ከገቡባቸው ጊዜዎች በ57 ከመቶው ማሸማቀቁ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ቆሟል። አድካሚው ነገር የመጀመሪያውን ቃል መናገር ነው።

በጎረቤታችን ልጅ ላይም የሆነው ይኸው ነው። እርሷ ከቀረች በሁለተኛው ሳምንት፣ በግሩፑ ብዙም የማይናገር አንድ ልጅ እንዲህ ሲል ጻፈ፤ «የእኔም እናት ጉልት ቸርቻሪ ናት። ከእንግዲህ ይህን የሚልክ በእናቴ ላይ እንደላከው ይቍጠረው።» ከዚህ ሌላ ምንም አልጨመረም፤ ማንንም አልሰደበም። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ልጅ «ልክ ነው» ብላ ጻፈች፤ ከዚያም ሌሎች ተከተሉ። ፎቶግራፉን የለጠፈው ልጅ ራሱ አጠፋው። ልጅቱም በሚቀጥለው ሰኞ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ሁሉ ነገር ወዲያው ዳነ ማለቴ አይደለም፤ ወደ ጉልቱ ለመመለስ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ወስዶባታል።

8ኛ፤ ሕጉ ምን ይላል?

በስልክ የተደረገ ነገር በሕግ አይጠየቅም የሚል ሰው ተሳስቷል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13፣ በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት ሌላውን ሰው ማስፈራራትን፣ ስለ እርሱ ወይም ስለ ቤተሰቡ መልእክት እየደጋገሙ በማሰራጨት ፍርሃትና የሥነ ልቡና ጫና ማድረስን፣ እንዲሁም ክብሩንና ስሙን የሚያጎድፍ ጽሑፍ ወይም ምስል ማሰራጨትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል፤ ቅጣቱም እስራትን ይጨምራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት ልጆች ልዩ የማረሚያ መንገድ ሲያበጅ፣ 15 ዓመት ያለፈው ወጣት ግን በመደበኛው ሕግ እንደሚጠየቅ ይናገራል። ስለዚህ ከእኛ የብዙዎቹ ዕድሜ «ልጅ ነኝ» ከሚባልበት አልፏል። ሆኖም ሕግ የሚደርሰው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው፤ ገላጋይ ግን ከዚያ በፊት ይደርሳል።

9ኛ፤ ምን እናድርግ?

ለተጎዳው ጓደኛዬ የምለው ይህ ነው። በቁጣ አትመልስ፤ የላኪው ምኞት የአንተ መልስ ነውና። የተላከብህን ነገር ከማጥፋትህ በፊት ስክሪንሹት አንሥተህ ቀኑን ይዘህ አስቀምጥ። ላኪውን ብሎክ አድርግ። ከሁሉ ይልቅ ግን ለአንድ ለምታምነው ታላቅ ሰው ንገር። የሚያስፈራራህ ሰው ገንዘብ ወይም ሌላ ነገር ቢጠይቅህ አትስጠው፤ አንድ ጊዜ የተሰጠው ሰው ሁለተኛ መምጣቱ አይቀርም።

ለወላጆቻችን በአክብሮት የምናሳስበው፣ ልጃችሁ ችግሩን በነገራችሁ ጊዜ አስቀድማችሁ ስሙት፤ ስልኩን ለመቀማት አትቸኩሉ። ለመምህሮቻችንም፣ በስልክ የተጀመረ ነገር በክፍል ውስጥ እንደሚቀጥል ተረድታችሁ ጉዳዩ የትምህርት ቤት ጉዳይ መሆኑን ብትቀበሉልን፣ ተጎጂውም በምስጢር የሚናገርበትን ሰው ብትመድቡልን ታላቅ ውለታ ይሆናል።

ዋናው አደራ ግን አይተን ዝም በምንለው በእኛ ላይ ነው። መገላገል ንግግር ማድረግ አይደለም። በግሩፑ ላይ «ይበቃል፣ ተዉ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ይህንንም የሚፈራ ቢኖር የሳቅ ምልክቱን አይላክ፤ ስቲከሩን አያስተላልፍ። ለተጎጂዋም ለብቻዋ «የተደረገብሽ ልክ አይደለም፤ ነገ አብረን እንቀመጥ» ብሎ ይጻፍላት። እንዲሁም በየክፍሉ ግሩፕ ሲከፈት ከአስተዳዳሪው ሌላ ሁለት ተማሪዎች በገላጋይነት ቢመረጡ፣ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት ቢሆኑ፣ በተከታዩ ዓመት ልንሞክረው የምንችል ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፊትን በስልክ ውስጥ ማስገባት አንችልም፤ ጉርብትናንም በአዋጅ መፍጠር አይቻልም። ገላጋይነት ግን ማንም ሳይሾመን፣ ገንዘብም ሳንከፍል፣ ዛሬውኑ ልንይዘው የምንችል የአባቶቻችን ሥራ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ አርባ ዝም ባዮች አርባ ገላጋዮች ቢሆኑ ሦስት አሽሟጣጮች ምን ኃይል ይኖራቸዋል? የመጀመሪያውን ቃል የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ይፈለጋል፤ ያም ሰው ይህን መስመር የምታነብ አንተ ወይም አንቺ ትሆኑ ዘንድ በመመኘት ጽሑፌን እዚህ ላይ እፈጽማለሁ።